የጎንደር ወንዶችን የካንሰር ሞት ቁጥር ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰፈራችን እድር መዝገብ ላይ የሟች ስም፣ የሞተበት ቀንና የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ይጻፋል። ምክንያት የሚል አምድ አልነበረውም። ጸሐፊነቱን ስረከብ ከዳር በኩል በእርሳስ አስምሬ ጨመርሁበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዶች የገባውን ሳገላብጥ «የወፍ በሽታ»፣ «ሽንት ተከልክሎ»፣ «እህል አልወርድ ብሎት»፣ «ሆዱ ተነፍቶ» የሚል አገኛለሁ። ካንሰር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ይህን አይቶ «በእኛ ሰፈር ወንድ በካንሰር አይሞትም» ማለት የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ነው፤ ስም ያልወጣለትን ሞት እንዳልደረሰ መቁጠር። የወፍ በሽታ የተባለው የጉበት ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ እህል አልወርድ ያለው የምግብ ቧንቧ ካንሰር፣ ሽንት የተከለከለው የፕሮስቴት (በወንድ ፊኛ ሥር ያለው እጢ) ካንሰር ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሄፓታይተስም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት እብጠትም ሽንት ይከለክላል። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ሰው ግን ለልደት ካርድ ሲል ወደ ቀበሌ ይሄዳል እንጂ ቀብር ውሎ ሞት ሊያስመዘግብ የሚነሣው ጥቂት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ በሚያካሂደው የነዋሪዎች ጤና ክትትል ባለሙያዎች ሐዘንተኛ ቤት ድረስ ሄደው «ከመሞቱ በፊት ከስቶ ነበር? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር? ለምን ያህል ጊዜ ታመመ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ይህ ከእኔ የእርሳስ አምድ እጅግ ይሻላል፤ ሆኖም የቤተሰብ ቃል የላቦራቶሪ ውጤትን አይተካም።

በዚህ ላይ ቃላችን ራሱ ያሳስተናል። «ነቀርሳ» ስንል ካንሰር ማለታችን ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ግን ቲቢ ነው። የሁለቱን መድኃኒትና የሁለቱን ዕጣ የሚለየው ርቀት ሰፊ ነው። አንድ ሽማግሌ «አባቴ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ» ብለው የነገሩኝን በሳንባ ካንሰር ሥር ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ፣ ልጃቸው «የቲቢውን የስድስት ወር መድኃኒት ጀምሮ አቋርጦ ነበር» ስትል ነው የነቃሁት። ቅጽ የሚሞላ ሁሉ «ካንሰር ነው ወይስ ቲቢ?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳያልፍ እለምናለሁ። ከመተማና ከሁመራ በኩል ለሚመጣ ወጣት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ሲታይበት የደም ካንሰር ይመስላል፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ካላዛር ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል።

ሁለተኛው ስህተት ሆስፒታል ውስጥ የሞተውን የከተማው ሞት አድርጎ ማየት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደባርቅም፣ ከመተማም፣ ከሌሎች ወረዳዎችም በሪፈር የሚመጣውን ይቀበላል። አገልግሎቱ ሲሻሻል ብዙ ሰው ይመጣል፤ የሚመረመረው ሲበዛ በካንሰር ሞተ የሚባለውም ይበዛል። መንገድ በተዘጋበት ወር ደግሞ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ሰዉ ግን ቤቱ ሆኖ ይሞታል። በተቃራኒው ለዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ያረፈ የጎንደር ሰው አለ። መቆጠር ያለበት በኖረበት እንጂ በሞተበት ቦታ አይደለም።

አካፋዩንም፣ ማለትም የሟቾች ቁጥር የሚካፈልበትን የሕዝብ ብዛት፣ መርሳት የለብንም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ጎንደር ከተማ 207,044 ነዋሪ ነበራት፤ ከእነዚህ ወንዶቹ 98,120 ናቸው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ዓመት 49 ወንዶች በካንሰር ሞቱ እንበል። በአሮጌው ቆጠራ ስናካፍል ከ100,000 ወንዶች 50 ይሆናል። የወንዱ ቁጥር ዛሬ 150,000 ደርሷል ብለን ብንነሣ ግን 33 ነው። ሟቾቹ ያው 49 ናቸው፤ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ያሰኘው አካፋዩ ነው።

ዕድሜን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ካንሰር በብዛት የሚገድለው በዕድሜ የገፋውን ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት መተማ በወጣት የቀን ሠራተኛ ስትሞላ የወረዳው ወንዶች የሞት ምጣኔ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ይህ ጤና ሳይሆን ዕድሜ ነው። ስለዚህ «በዕድሜ የተስተካከለ» የሚል፣ የዕድሜ ስብጥርን ልዩነት አስወግዶ የሚያወዳድር ሰንጠረዥ ይፈለግ። እሱም ቢሆን በምን መለኪያ እንደተስተካከለ ይታይ። የአሜሪካ ሰንጠረዦች የሚስተካከሉት በ2000 የአሜሪካ ሕዝብ ስብጥር ነው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቁጥሮች ግን በዓለም መደበኛ ሕዝብ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አይቻልም።

ጥቂት ቁጥር ላይ መደንገጥም አለ። በአንድ ቀበሌ አምና 4 ወንዶች፣ ዘንድሮ 8 ከሞቱ «በእጥፍ ጨመረ» ይባላል። ነገር ግን 4 የሚለው ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ ከ1 እስከ 10 ያለውን ሊወክል ይችላል፤ 8 ደግሞ ከ3 እስከ 16። ሁለቱ ይደራረባሉ። የአምስት ዓመት ሞት ደምሮ ማየት ነው የሚበጀው። ለቤተሰቡ ግን እያንዳንዱ ሞት ሙሉ ሞት ነው፤ ይህን ለሐዘንተኛ ቤት መናገር አያስፈልግም።

የዘመን አቆጣጠሩም ነገር አለ። «የ2012 በጀት ዓመት» የሚል የጤና ቢሮ ሪፖርትና «2012» የሚል የውጭ ግምት በአንድ ግራፍ ላይ ሲሰለፉ አይቻለሁ። በመካከላቸው ሰባት ዓመት ያህል አለ።

የመጨረሻው የሰው አገር አዝማሚያን መዋስ ነው። በአሜሪካ የካንሰር ሞት እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በሲሶ ያህል ቀንሷል፤ ዋናው ምክንያት ሲጋራ አጫሹ መቀነሱ ነው። እኛ ዘንድ በወንዶች ላይ ከሚጎሉት መካከል የአንጀት፣ የደም፣ የሊምፍና የፕሮስቴት ካንሰር ናቸው፤ የአሜሪካ ቅናሽ የእኛን አይናገርም። ለአገራችን የሚጠቀሰው ቁጥር ራሱ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ80,000 በላይ አዲስ ታማሚና ከ50,000 በላይ ሟች የሚለው፣ የተቆጠረ ሳይሆን የተገመተ ነው። ግምቱ በእጅጉ የተደገፈው እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ላይ ነው። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን ሰምተው «እንግዲያው እኛን አይመለከትም» የሚሉ ወንዶች አሉ። ደም የቀላቀለ ሰገራ ወራት ደብቀው ከመጡ በኋላ እንዲህ ሲሉ የሰማሁ ቀን በጣም አዝኛለሁ።

የእድራችን መዝገብ አሁን በእስክሪብቶ የተሰመሩ ሦስት አምዶች አሉት፦ ዕድሜ፣ የኖረበት ቀበሌ፣ የት ተመርምሮ ምን ተባለ። ሦስተኛው ባዶ ሆኖ ሲቀር «አልተመረመረም» ብዬ እጽፋለሁ።