የሴራሚክ ወለል ማሞቂያ አልሞቅ ሲል፤ ወለሉን ከማስነሳታችሁ በፊት

ከሴራሚክ ሥር የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። ሲበላሽ አይታይም። ስለዚህ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር «ኬብሉ ተቃጥሏል» ይባላል። ሳይለካ «ሴራሚኩ ይነሳ» የሚል ባለሙያም አይጠፋም። አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ኬብሉ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ቴርሞስታቱ (ግድግዳ ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ)፣ ሴንሰሩ (የወለሉን ሙቀት የሚለካው) ወይም የቮልቱ ጉዳይ ላይ ነው። አለዚያም ሙቀቱ ወደ ላይ መምጣት ሲገባው ወደ ታች እየሰረገ ነው።

መጀመሪያ ኦሙን ለኩ

ማሞቂያው ሲገዛ ከወረቀቱ ላይ ወይም ኬብሉ ጫፍ ላይ ከተለጠፈው ምልክት ላይ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፦ ቮልት፣ ዋት እና ኦም (የኬብሉ የመቋቋም መጠን)። ወረቀቱ ከጠፋ ግን ዋቱንና ቮልቱን ካወቃችሁ ኦሙን ማስላት ይቻላል። ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ ለዋቱ አካፍሉት። ለምሳሌ 240 ቮልት፣ 600 ዋት ከሆነ 96 ኦም ይመጣል። አብዛኞቹ አምራቾች 5 በመቶ ዝቅ፣ 10 በመቶ ከፍ ቢል ይቀበላሉ። ማለትም ከ91 እስከ 106 ያለው ጤናማ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ብሬከሩን አጥፉ። ቴርሞስታቱን ከግድግዳው አውጡና መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ከዚያ ወደ ወለሉ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ነቅላችሁ በመካከላቸው ለኩ። ከእያንዳንዳቸው ወደ ግራውንዱም ለኩ፤ እዚያ ላይ ምንም መነበብ የለበትም። ሽቦ መነካካት የማይሆንላችሁ ከሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይለካላችሁ። ሥራው አጭር ነው። ሴራሚክ ከማስነሳት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ዋጋው ምንም ነው።

ቁጥሩ ልክ ከሆነ የኬብሉን ነገር ለጊዜው እርሱትና ወደ ምልክቶቹ እንሂድ።

ለብ ይላል እንጂ ሞቆ አያውቅም

አሜሪካና ካናዳ ላላችሁ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ቮልት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ 120ም 240ም አለ። የወለል ማሞቂያውም በሁለቱም ይሸጣል፤ ሲያዩት ደግሞ ተመሳሳይ ነው። የ240 ማሞቂያ 120 ላይ ከተገጠመ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል። አይደለም። ወደ ሩብ ይወርዳል። 600 ዋት የተባለው 150 ዋት ብቻ ይሰጣል። ከአገር ቤት ያመጣውን የ220 ቮልት ምጣድ 120 ላይ ሰክቶ የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ምጣዱ ሞቅ ይላል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ) አምፔሩን ይለካ። ከላይ ያልነው ማሞቂያ በ240 ላይ 2.5 አምፔር መሳብ አለበት። 1.25 ካሳየ ምክንያቱን አግኝታችኋል። መፍትሄው 240 መስመር መሳብና ቴርሞስታቱም ለዚያ የሚሆን መሆኑን ማየት ነው። ተቃራኒውን ግን በፍጹም አትሞክሩ። የ120 ማሞቂያ 240 ላይ ከገባ አራት እጥፍ ኃይል ይስባል፤ እሱ እውነትም ይቃጠላል።

አውሮፓ ያለው 230 ስለሆነ ይህ ጣጣ የለም። እዚያ ይልቅ ሁለት ማሞቂያ ያለበት ክፍል ላይ ሽቦው እንዴት እንደተያያዘ እዩ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ በፓራለል መታሰር አለባቸው። አንዱ ከሌላው ጋር ተቀጣጥሎ በሲሪየስ ከታሰረ ሁለቱም ይደክማሉ። ኦሙ ይናገራል፦ ሁለት ባለ 96 ኦም በፓራለል 48 ይነበባሉ፣ በሲሪየስ 192። መፍትሄው ሳጥኑ ውስጥ ሽቦውን መቀየር ብቻ ነው።

ቮልቱም አሠራሩም ደህና ሆኖ ወለሉ ለመሞቅ ሦስትና አራት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነስ? ሙቀቱ ወደ ታች እየሄደ ነው። ቤዝመንት ውስጥ በቀጥታ ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ኬብል መጀመሪያ የሚያሞቀው ኮንክሪቱን፣ ቀጥሎም መሬቱን ነው። ከሥሩ 6 ወይም 10 ሚሊሜትር የኢንሱሌሽን (ሙቀት የሚያግድ) ሰሌዳ ቢነጠፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ኮንክሪት ላይ ከሆነ ሴራሚኩን ሳያነሱ የሚስተካከልበት መንገድ የለም። ማድረግ የሚቻለው ሰዓቱን ማስቀደም ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዲሞቅ ከፈለጋችሁ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምር። ሌሊት ሙሉ በሙሉ ከማጥፋትም ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ አድርጉት። ወለሉ በእንጨት ተሸካሚ ላይ ከሆነና ከታች መድረስ ከተቻለ ግን ዕድለኞች ናችሁ። በእንጨቶቹ መሃል ኢንሱሌሽን መጠቅጠቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ብዙ ማሞቂያዎች የተሠሩት እግር እንዲሞቅ እንጂ ክፍሉን ብቻቸውን እንዲያሞቁ አይደለም። መስኮቱ ብርድ የሚያስገባ ክፍል ወለሉ እየሠራም ይበርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ቶሎ ይጠፋል፣ ወይም የሚያሳየው ዲግሪ ግራ ያጋባል

እዚህ ላይ ሴንሰሩን ጠርጥሩ። ወለሉ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ነገር ናት። አብዛኞቹ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ኪሎ ኦም ያሳያሉ። ወለሉ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ይጨምራል፤ በ20 ዲግሪ 12.5 ገደማ ይሆናል። ዜሮ ካነበበ ሾርት ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ዲግሪው ከተዛባ ደግሞ በቅርቡ ቴርሞስታት ቀይራችሁ እንደሆነ አስታውሱ። 12፣ 15 እና 100 ኪሎ ኦም የሆኑ ሴንሰሮችም አሉ። አዲሱ ቴርሞስታት የትኛው እንደተቀበረ በሴቲንግ ካልተነገረው እያሳሳተ ይኖራል።

ሴንሰሩ ሞቶ ከሆነ በቱቦ ውስጥ ከገባ ስቦ አውጥቶ ሌላ ማስገባት ነው። ስሚንቶ ውስጥ ከተቀበረ በብዙ ቴርሞስታቶች ላይ በክፍሉ አየር ሙቀት እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን የወለሉን ግለት የሚገድበው እንደሌለ አስታውሱ።

ሴንሰሩ ሳይበላሽ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። ከላዩ ምንጣፍ ከተነጠፈ ሙቀት ይታፈንና «በቃ ሞቀ» ብሎ ያጠፋል። የቀረው ወለል ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ምንጣፉን አንሱ። ቴርሞስታቱ ላይ የእንጨት ወለል ገደብ ተሞልቶ ከሆነም 27 ዲግሪ ላይ ያቆማል፤ ለሴራሚክ ይህ ያንሳል። በአውሮፓ ደረጃ የመኖሪያ ክፍል ወለል እስከ 29፣ መታጠቢያ ቤት እስከ 33 ዲግሪ ይፈቀዳል። በፋራናይት 84 እና 91 ገደማ ነው። 24 ላይ አድርጎ «አይሞቅም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ባዶ እግር 24ን ሙቀት አይለውም።

ግማሹ ሞቆ ግማሹ ቀዘቀዘ

አንድ ኬብል ከመሃል ከተበጠሰ ሁሉም ይጠፋል እንጂ ግማሹ አይቀርም። ስለዚህ ሁለት ማሞቂያ ተዘርግቶ አንዱ መብራት አልደረሰው ይሆናል። ወይም ያ ቦታ ላይ ከመጀመሪያውም ኬብል የለም፤ ሽንት ቤት መቀመጫና ቁም ሳጥን ሥር አይዘረጋም። በጣት ስታንኳኩት ባዶ የሚያሰማ ሴራሚክም ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም።

ብሬከሩ ወይም የቴርሞስታቱ መከላከያ ይወድቃል

ብሬከሩን አጥፍታችሁ ኬብሉን ከቴርሞስታቱ ንቀሉ፤ ከዚያ ብሬከሩን መልሱና ሞክሩ። ያኔም ከወደቀ ኬብሉ ንጹህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቴርሞስታቱ የራሱ ጂኤፍሲአይ (መብራት ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ) ኖሮት ብሬከሩም ጂኤፍሲአይ ከሆነ ሁለቱ ያለምክንያት ሊጣሉ ይችላሉ፤ አንዱ ይበቃል። ኬብሉ ሲያያዝ ብቻ ከወደቀ የኬብሉ ልባስ ተጎድቷል ወይም እርጥበት ገብቷል። በ500 ቮልት የልባስ መለኪያ ይፈተሽ። «መከላከያውን ዝለለውና ይሥራ» የሚል ሰው ካገኛችሁ አታስገቡት። ውኃ ባለበት፣ በባዶ እግር የሚቆምበት ወለል ነው።

ጭራሽ ሞቷል፣ ኦሙም አይነበብም

አሁን ኬብሉ ተበጥሷል። ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በቅርቡ ወለሉን በድሪል የበሳ ማን ነው? የበር ማቆሚያ፣ የመቀመጫ ብሎን፣ የመታጠቢያ ገንዳ መስታወት። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። ቦታው ካልታወቀ የኬብል ብልሽት የሚፈልግ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ነጥቡን ያገኘዋል። ከዚያ የሚነሳው አንድ ወይም ሁለት ሴራሚክ ነው እንጂ ወለሉ ሁሉ አይደለም። ኬብሉ በአምራቹ መጠገኛ ይቀጠላል። ሴራሚኩ ከመመለሱ በፊት ኦሙ ይለካ፣ ከተመለሰ በኋላም ይለካ። ማጣበቂያው ደርቆ ሳያልቅ ግን ማሞቂያውን አታብሩ፤ ቀኑ በማጣበቂያው ከረጢት ላይ ተጽፏል።