የባሶቶንና የቦኤሮችን የድንበር ግጭት በካርታ ላይ መከታተል

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡባዊ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ሌሶቶ በሚኖረው በባሶቶ ሕዝብና የኦሬንጅ ነፃ መንግሥትን ባቋቋሙት ቦኤሮች (በአብዛኛው ከሆላንድ የመጡ ነጭ ሰፋሪዎች ዘሮች) መካከል የተካሄደውን የድንበር ግጭት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጦርነቶቹ ዝርዝር ይጀምራል። የ1858፣ የ1865–66 እና የ1867–68 ጦርነቶች ተራ በተራ ይነበባሉ፤ የተዋጉበት መሬት ግን ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ ባዶ ካርታ፣ እርሳስና ባለ ቀለም እስክሪብቶ ያዘጋጁና ከመሬቱ ይጀምሩ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ፣ የውሎቹ ቅደም ተከተል እንዳይፋለስ ሳይለውጡ ይመዝግቧቸው።

በመጀመሪያ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ ከኦሬንጅ ወንዝ ጋር የሚቀላቀለውን ካሌዶንን ይሳሉ፤ ባሶቶዎች ሞሆካሬ ይሉታል። ከዚያም ንጉሥ ሞሽዌሽዌ በ1824 የሰፈረበትን ባለ ገደል አምባ፣ ታባ ቦሲዩን፣ ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ያመልክቱ። አሁን የካሌዶንን ሸለቆ በሁለቱም ዳርቻ አረንጓዴ ይቀቡት፤ ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ የሚበቅለው፣ እህሉም ለቦኤሮቹ ጭምር ይሸጥ የነበረው ከዚህ ለም መሬት ነው። ከዚያ ወዲያ በስተ ምሥራቅ ያለው አገር ለእርሻ የማይመች ከፍተኛ ተራራ ነው። የጠቡ ዋና ምክንያት ይህ አረንጓዴ ቀለም ነው ብዬ አምናለሁ።

መስመር ከማስመርዎ በፊት የመሬት ይዞታውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በባሶቶ ዘንድ መሬት በአለቃ ይመደባል እንጂ አይሸጥም፤ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ለመጡት ቦኤሮችም የተፈቀደላቸው መስፈርና ከብት ማሰማራት ነበር። እነርሱ ግን ይዞታውን እንደ ግል ርስት ቈጠሩት። ጎረቤቶቹም ሁለት ብቻ ስላልነበሩ፣ በታባ ንቹ የነበሩትን የአለቃ ሞሮካን ሮሎንጎች (የጽዋና ሕዝብ ክፍል) እና እስከ 1853 ድረስ የሞሽዌሽዌ ተቀናቃኝ የነበረውን የትሎክዋዎች አለቃ ሴኮንዬላን ማመልከት አይዘንጉ።

ቀጥሎ ድንበሮቹን በየዓመታቸው በተለያየ ቀለም ያስምሩ። የ1843ቱ የናፒየር ውል፣ ማለትም የእንግሊዙ የኬፕ ቅኝ ግዛት ገዢ ናፒየር ያደረገው፣ በካሌዶንና በኦሬንጅ ወንዞች መካከል ያለውን አገርና ከካሌዶን በስተ ሰሜን ከ40 እስከ 48 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መሬት ለሞሽዌሽዌ አወቀለት። በ1849 የእንግሊዙ ሻለቃ ዋርደን ያሰመረው መስመር ግን የሰፋሪዎቹን እርሻዎች ለመጠበቅ ሲል ብዙ የባሶቶ መንደሮችን ከድንበሩ ውጪ አስቀረ። በዚህ መስመር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆዩ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦኤሮቹ ባቀረቡት ጥያቄ ሁሉ መከራከሪያቸው እርሱ ነበርና። በ1854 እንግሊዝ በብሉምፎንቴይን ስምምነት አገሩን ለቦኤሮቹ ለቅቃ ስትወጣ ድንበሩን አልወሰነችም፤ ስለዚህ በዚህ ዓመት አዲስ መስመር አይሰመርም፣ በዳር ማስታወሻ ግን ይጻፍ።

ለእያንዳንዱ ውል ማን እንደፈረመና በምን ሁኔታ እንደፈረመ ከጎኑ ያስፍሩ። የ1858ቱ የአሊዋል ኖርዝ ውል በእንግሊዙ ገዢ ጆርጅ ግሬይ ሽምግልና የተደረገ ሲሆን፣ በቂ ኃይል ያጣው ነፃ መንግሥት ራሱ ዕርቅ ጠይቆ ነበር። በ1866ቱ የታባ ቦሲዩ ውል ግን ሁኔታው ተገልብጧል፤ ከዓመት በፊት የቦኤር ጦር አዛዥ ሉው ዌፔነር አምባው ላይ ሲወጣ ቢሞትና ምሽጉ ባይደፈርም፣ ማሳዎቹ ወድመው ስለነበር ሞሽዌሽዌ ሕዝቡ ማሽላውን የሚሰበስብበትን ጊዜ ለማግኘት ሰፊ ለም መሬት ለቀቀ። ይህን ፊርማ እንደ ሙሉ ፈቃድ ማንበብ ስሕተት ነው፤ ጦርነቱም በ1867 እንደገና መቀስቀሱ ይህን ያሳያል።

በመጨረሻም ሞሽዌሽዌ አስቀድሞ ደጋግሞ በጠየቀው መሠረት የእንግሊዙ ገዢ ዎድሃውስ አገሩን መጋቢት 12 ቀን 1868 በእንግሊዝ ሥር ማድረጉን ይመዝግቡና፣ በየካቲት 1869 በዎድሃውስና በነፃ መንግሥት መካከል የተወሰነውን ድንበር በደማቁ ያስምሩ። ይህን መስመር ከአረንጓዴው ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ከካሌዶን በስተ ምዕራብ ያለው ማሳ፣ ዛሬ ፊክስበርግና ሌዲብራንድ የሚገኙበት አገር፣ በሙሉ ከባሶቶዎች እጅ ወጥቶ ይታያል።