ጊቤ ከመውረድዎ በፊት፦ መኪናን ለበጋ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጅማ አየር የመኪና ገመና ሸፋኝ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በየካቲትም ቢሆን ጠዋቱ ይቀዘቅዛል። ከመርካቶ ጅሬን የሚመላለስ መኪና ራዲያተሩ በከፊል ተደፍኖ እንኳ ሳይፈላ ወራት ሊቆይ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ሰርቦን፣ አሰንዳቦንና ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ ሲወርድ፣ ከዚያ ደግሞ ተጭኖ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ ነው። ሸለቆው ከጅማ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም ሌላ አገር የገቡ ያስመስላል። ስለዚህ «እዚህ ምንም አላለኝም» ማለት መኪናው ደህና ነው ማለት አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ክረምቱ ጥሎት ከሄደው ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ጥቅምት ላይ ግማሽ ቀን ቢመድቡላቸው ይበቃል።

«ራዲያተር ውስጥ ውሃ ካለ ይበቃል» ማለት

ብዙ መኪና የሚሞተው በዚህ ነው፤ እናም ሰፋ አድርገን እንየው። በጅማ ከፍታ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ጤነኛ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳውም ከ90 እስከ 95 ባለው ላይ ነው። ታዲያ ውሃው ዘወትር የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 የሚል ጽሑፍ ያያሉ። ያን ያህል ባር ግፊት ይይዛል ማለት ነው፤ በዚያ ግፊት ንጹህ ውሃ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን እነዚያ ሃያ ዲግሪዎች በሙሉ ይጠፋሉ፤ ፋኑ በወጉ ሳይሠራ ውሃው መንተክተክ ይጀምራል። ይህን ሁሉ የሚወስነው አንድ ትንሽ ክዳን ነው። ሞተሩ በረዶ በሆነበት ጠዋት ይክፈቱት፤ የታችኛው ጎማ ከተሰነጠቀ፣ ከጠነከረ ወይም የቦይ ምልክት ካወጣ ይቀይሩት። ሲቀይሩም ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን። 1.1 የተጻፈበትን 0.9 ለሚፈልግ መኪና መግጠም ያረጀ ቱቦ ያፈነዳል።

ወደ ፈሳሹ ስንመለስ፣ የቧንቧና የወንዝ ውሃ ዝገትና ድንጋይ ይሠራል። ሲከፍቱት ፈሳሹ የቀይ ሻይ መልክ ካለው ዝገቱ ሥራውን ጀምሯል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አሮጌውን በታችኛው መክፈቻ ያፍስሱ፤ ንጹህ ውሃ ሞልተው የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው ሞተሩን 15 ደቂቃ ያሠሩ፤ ሲቀዘቅዝ ደግመው ያፍስሱ፤ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይደጋግሙ። ከዚያ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይሙሉ። 6 ሊትር የሚይዝ መኪና 3 ሊትር ኩላንትና 3 ሊትር ውሃ ይወስዳል። ተበጥብጦ የሚሸጥ ከሆነ ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ እሱ ላይ ውሃ አይጨምሩ። የተለያየ ዓይነት ኩላንት መቀላቀልም ለራዲያተሩ ጠላት ነው፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ እንደ አጥሚት ይረጋሉ። ከሞሉ በኋላ ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን ያሠሩና አረፋው እስኪቆም ይጠብቁ፤ ውስጥ የቀረ አየር ራሱ ያስፈላል።

የሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ የእንቁላል ነጭ ወይም ዱቄት የሚጨምር ሰውም አይጠፋም። ቀዳዳው ይደፈን ይሆናል፤ ግን ጤነኞቹ ቀጫጭን መስመሮችም አብረው ይደፈናሉ።

ቴርሞስታት አውልቆ መጣል

«እንዳይፈላ አውጣው» የሚል ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ምክሩ በብዙ መኪና ላይ ተቃራኒውን ያመጣል። ቴርሞስታቱ በሙቀት የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ ነው፤ ሲከፈት ውሃውን ወደ ራዲያተር ከመልቀቁም በላይ በሌላ በኩል ያለውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ትኩሱ ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ነዳጅ ይበላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይፈላል። ቴርሞስታቱ መሞቱን ማወቅ ከፈለጉ በክር አስረው ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ አንጠልጥለው ያሙቁት። 82 የተጻፈበት ውሃው ሳይፈላ መከፈት መጀመር አለበት። ካልተከፈተ በአዲስ ይተኩት።

ራዲያተሩን ከፊት በኃይለኛ ውሃ መምታት

ክረምቱን የተሰበሰበው ጭቃ፣ ሣርና ትንኝ በራዲያተሩ ስስ ቅጠሎች መካከል ደርቆ ይቀመጣል። እጥበት ቤት ከፊት በፕሬሸር ሲመቱት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ቅጠሎቹም ይተኛሉ፤ የተኛ ቅጠል አየር አያሳልፍም። በሳሙና ውሃ አርሰው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ ከዚያ በተራ የአትክልት ጎማ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይጠቡት። የኤሲ ራዲያተር ከፊቱ ካለ በሁለቱ መካከል የሚቀረውን ቆሻሻ አይርሱ።

ኮፈኑ ተከፍቶ እያለ ፋኑንም ይዩ። የኤሌክትሪክ ከሆነ መኪናው ቆሞ ሲሞቅ መነሳቱን ያረጋግጡ። እንደ ብዙዎቹ የናፍጣ ሚኒባሶች በሲሊኮን ዘይት የሚያዝ ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲያሽከረክሩት ከበድ ማለት አለበት፤ እንደ ልብ ከተሽከረከረ ሞቷል። ቺንጋው፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ በረጅሙ በኩል መሃል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። የሚጮህ ቺንጋ ላይ ሳሙና መቀባት ጩኸቱን ለቀናት ያቆማል፣ ቺንጋውን ግን ያንሸራትተዋል፤ ቺንጋው የውሃ ፓምፑን የሚያዞር ከሆነ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው።

«ጊቤ ሙቀት ነው» ብሎ የጎማ ነፋስ መቀነስ

ከሁሉም ስህተት የከፋው ይህ ነው፤ በአስተዋዮችም ዘንድ ስለሚታመን ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ጎማ የሚፈነዳው ነፋስ ስለበዛበት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ነፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያሞቀዋል፣ ሙቀቱም ጎማውንና ውስጡ ያለውን ክር ያላቅቃል። ክረምት ላይ ለጭቃ ተብሎ ነፋስ የተቀነሰለት መኪና ሳይስተካከል አስፋልት ላይ በ90 ሲነዳ የሚሆነው ይኸው ነው።

ትክክለኛው መጠን ጎማው ጎን ላይ አይደለም የተጻፈው፤ እዚያ ያለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ ያለውን ወረቀት ያንብቡ። 220 ኪሎ ፓስካል ካለ 32 ፒኤስአይ ማለት ነው፤ ሙሉ ጭነት ላይ የኋላው ምን ያህል እንደሚጨመር እዚያው ተቀምጧል። አምስት ጆንያ ቡና በስልሳ ኪሎ ሂሳብ ሦስት ኩንታል መሆኑን እያስታወሱ ይሙሉ። የሚለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። በየ5 እና 6 ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምር ጊቤ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ አያስተንፍሱትም፤ ጎማው የተሠራው ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው። የጎሚስታው መለኪያ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት የራስዎን ትንሽ መለኪያ ኪስዎ ይያዙ።

የጎማውን ዕድሜም ይዩ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ለስኮርታም አይሆንም።

የክረምቱን ጭቃ ተሸክሞ በጋ መግባት

መኪናዎ ከ80 በላይ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ባላንስ ከማሠራትዎ በፊት ጎንበስ ብለው የቸርኬውን ውስጠኛ ፊት ይዳስሱ። የጅማ ቀይ አፈር እዚያ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ የመዳፍ ያህል የሆነ አንድ ቁራጭ በአንድ ወገን ከተጣበቀ ጎማውን ያንገዳግደዋል። በጠመንጃ መፍቻ ፈልፍለው ያውጡት። እግረ መንገድዎን የአክሱሉን የጎማ ሽፋን ገለጥ እያደረጉ ይዩ። ከተቀደደ ግሪሱ በቸርኬው ዙሪያ ተረጭቶ ያገኙታል፤ የበጋው አቧራ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ መጋጠሚያውን ይፈጨዋል።

የአየር ፊልትሮን ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት

በቡና ወቅት በጠጠር መንገድ ወደ ጌራና ሊሙ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው በየሳምንቱ መታየት አለበት። ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አፍንጫውን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አርቀው፣ ግፊቱም ከ2 ባር ሳይበልጥ ይሁን። የጋራዥ ኮምፕረሰር ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሚተፋ ወረቀቱን በስቶ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይተዋል። ከነፉ በኋላ ጨለማ ውስጥ ባትሪ አብርተውበት ይፈትሹ፤ የነጥብ ብርሃን ከታየ ይጣል። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል። የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን አይታጠብም።

የናፍጣ መኪና ላይ ውሃ ሳያፈስሱ መተው

ክረምቱን በሰርባቶዮው (በነዳጅ ጋኑ) ውስጥ ላብ ሆኖ የተጠራቀመው ውሃ ከናፍጣው ስለሚከብድ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ይተኛል። የታችኛውን መክፈቻ ላላ አድርገው በብርጭቆ ይቀበሉት። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ንጹህ ናፍጣ ሲመጣ ይዝጉና የእጅ ፓምፑን ጠንከር እስኪል ይምቱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የኖዝልና የፓምፕ ጥገናን ዋጋ ለሚያውቅ ደግሞ ርካሽ ነው።

ዘይት ማወፈር

«ለሙቀት ወፍራም ይሻላል» የሚለው ለአሮጌ ሞተር ትንሽ እውነት አለው። ቀጭኑ 5ደብልዩ-30 እንዲቀዳበት ለተሠራ ቪትዝ ግን ወፍራሙን 20ደብልዩ-50 መስጠት፣ በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ጠዋት ዘይቱ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ሳይደርስ ሞተሩን ማሠራት ነው። መመሪያው ያለውን ይቅዱ።

ባትሪው ስለተነሳ ጤነኛ ነው ብሎ ማሰብ

ባትሪ የሚያረጀው በሙቀት ነው። ክፍት ከሆነ ውሃው ከብረቶቹ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድም የሚጠጣ የታሸገ ውሃም አይደለም። ሌሊቱን አርፎ 12.6 ቮልት፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ናቸው።

በፍሪ ቁልቁለት መውረድ

ከአበልቲ ወደ ጊቤ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነጻ አድርገው የሚለቁ አሉ። ኢንጀክሽን ባለው መኪና ስሌቱ ራሱ ስህተት ነው፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ከነዳጅ መስጫው ላይ እግር ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል፣ በፍሪ ግን ሞተሩን ላለማጥፋት ይቀዳል። የፍሬኑ ነገር ይብሳል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ስፖንጅ የረገጡ ያህል ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ የሚቀየረውም ለጉዞ ከመውጣት በፊት እንጂ ችግሩ ከመጣ በኋላ አይደለም። ሲወርዱ በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ይያዙት፤ ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ከመርገጥ ይልቅ ጠንከር አድርገው ይያዙና ይልቀቁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸውም ይህ ሁሉ ምክር አይመለከተንም እንዳይሉ። ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ነው፣ መኪናውም ከባድ ስለሆነ የጎማው ጉዳይ ይብስባቸዋል።

የዝናብ መጥረጊያውን እስከ ሰኔ መርሳት

ጅማ በበጋም ይዘንባል። ፀሐይ ያደረቀው ላስቲክ በአቧራ ላይ ሲሄድ መስታወት ይቧጭራል። ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ካፊያ ደግሞ አቧራና ዘይቱን አንስቶ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል።

ሲፈላ ወዲያው ክዳኑን መክፈት

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዳገት ላይ ቀስቱ ወደ ቀይ ከወጣ፣ ኤሲ ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ መቀመጫው እሳት ቢሆንም ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው። ካልወረደ ጥግ ይዘው ይቁሙ። እንፋሎት ካልወጣና ውሃ ካልፈሰሰ ሞተሩ ለሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ እንፋሎት ካለ ወዲያው ይጥፋ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ለስላሳ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ክዳኑን ሩብ ዙር ያዙሩ፣ ማፏጨቱ ሲያቆም ይክፈቱት። ባዶ በሆነና ገና በሚያቃጥል ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ቴስታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይሰነጥቃል። ሞተሩን አስነስተው፣ ውሃውን በቀጭኑ እያንቆረቆሩ ይሙሉ። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ሞተሩን አጥፍተው የዘይት መለኪያውን መዝዘው ይዩ፤ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከያዘ የቴስታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበልቷል፣ መኪናው በራሱ ሳይሆን ተጎትቶ ነው ወልቂጤ የሚገባው።