ሆድ ሲከዳ ባቡር አይጠብቅም፦ በሕንድ የባቡር ጉዞ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዴልሂ ወደ ቫራናሲ በሚሄድ የሌሊት ባቡር ላይኛው አልጋ ላይ ተኝቼ ሆዴ ሲጮህ ሰማሁት። ጣሪያው አፍንጫዬ ሊነካ ምንም አልቀረው። መውረጃዋ ቀጭን የብረት መርገጫ ናት። ጨለማ ነው፤ ታች የሰው ጫማና ሻንጣ ተደርድሯል። ያን ሌሊት ስድስት ጊዜ ወረድኩ፣ አምስት ጊዜ ወጣሁ። በስድስተኛው አቅም ስላጣሁ ሽንት ቤቱ አጠገብ ቦርሳዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ገባኝ። ትኬቱን የቆረጠው ጤነኛው እኔ ነኝ፤ የተሳፈረው ግን በሽተኛው። ጤነኛው ለበሽተኛው አንድም ነገር አላሰበለትም።

“የኛ ሆድ በርበሬ ያሳደገው ነው” ማለት

እኔም ብያለሁ። ሚጥሚጣ ያልበገረውን ሆድ የሕንድ ቅመም ምን ያደርገዋል? እውነትም ቅመሙ ምንም አላደረገኝም። የሚጥለው ተዋህሲው ነው፤ እሱ ደግሞ በርበሬ አይፈራም። ዓይናችሁ እያየ ከፈላ ዘይት የወጣ ሳሞሳ ብዙም አያሰጋም። ላዩ ላይ የሚፈሰው አረንጓዴ ቸትኒ ግን ከጥሬ ቅጠል የሚፈጭ ነው፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? እኔን የጣለኝ እሱ ይመስለኛል። ተቆርጦ የተደረደረ ፍራፍሬ፣ ሰላጣ፣ በረዶ የገባበት ጭማቂም ይቅርባችሁ። ሻይ ግን እንደልብ ጠጡ። “ቻይ! ገረም ቻይ!” እያለ የሚያልፈው ሰው የያዘው የፈላ ነገር ነው። ሙዝም ልጣችሁ ብሉ። የታሸገ ውሃ ስትገዙ ክዳኑ ሲከፈት “ቀጭ” ማለቱን ስሙ።

ለጾመኛ በነካ እጄ፦ የታሸገ ምግብ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ የለውም ማለት ናት። ቅቤና አይብ ሊኖርበት ይችላል።

አልጋን በዋጋ ብቻ መምረጥ

ስሊፐር የሚባለው ክፍል ርካሽ ነው። መስኮቱ ይከፈታል፣ አቧራው ይገባል፣ አንሶላ የለም። ስሪ ኤሲ የሚባለው አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ይሰጣችኋል። ጤነኛ ስትሆኑ ስሊፐር ይሻላል እላለሁ፤ አገሩን የምታዩት በዚያ መስኮት ነው። ለታመመ ግን ልዩነቱን ክፈሉ። ኤሲው ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ።

ብዙ ሰው የማያስበው ፎቁን ነው። በሁለቱም ክፍሎች አልጋው ሦስት ፎቅ ነው፦ ታች፣ መሀልና ላይ። የመሀሉ የሚዘረጋው ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ቀን ላይ ይታጠፍና የታችኛው አልጋ የሁሉም መቀመጫ ይሆናል። ስለዚህ የታች አልጋ ይዛችሁ ቀን ላይ ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ እግራችሁን የምትዘረጉበት የላችሁም። ላይኛው ግን ቀኑን ሙሉ የእናንተ ነው፤ ተነሱ የሚል የለም። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ላይኛው፣ ለተቅማጥ ታችኛው። እኔ የገለበጥኩት ይህን ነው።

በትኬቱ ሰዓት መሳሳት

ይሄ የኛ ሰው ስህተት ነው። ትኬቱ ላይ 15 ቀን፣ 00:10 ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር የ14 ሌሊት 6 ሰዓት ከ10 ነው። የ15 ማታ ጣቢያ ብትሄዱ ባቡሩ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ውሃ ብቻ መጠጣት

ተቅማጥ ውሃና ጨው አብሮ ይወስዳል። ውሃው ብቻ ሲተካ ድካሙ አይለቅም። መፍትሄው በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ኦአርኤስ ነው፤ ሕንድም ለዚህ ነገር ባዳ አይደለችም። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች ላይ ኮሌራ ሲነሳ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ የሕንድ ሐኪም ባንጋኦን በምትባል የድንበር ከተማ ነበሩ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅባቸው ሲል ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው በአፍ እንዲጠጣ አደረጉ። ከበሽተኞቹ 30 በመቶ ገደማ ይሞት የነበረው ከ4 በመቶ በታች ወረደ።

ዱቄቱ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ከጣፋጩ የካርቶን ጭማቂ ጋር አታምታቱት። ካጣችሁት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ልክ ከንፈሩ ድረስ ሞልቶ። ጨው አታብዙ። ቀስ እያላችሁ ፉት በሉ።

ሲፕሮን እንደ ከረሜላ መዋጥ

ብዙዎቻችን “ለማንኛውም” ብለን ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ቦርሳ ውስጥ እንከታለን። በደቡብ እስያ ግን ብዙዎቹ የሆድ ተዋህሲያን ለምደውታል፣ ላይሠራ ይችላል። ደግሞ አብዛኛው የመንገደኛ ተቅማጥ በጥቂት ቀናት በራሱ ይለቃል። ተቅማጥ የሚይዘው ሎፔራማይድ ክኒን ጣቢያ እስክትደርሱ ያግዛል፤ ደም ወይም ትኩሳት ካለ ግን አትንኩት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ትኩሳትን ሁሉ ከሆድ ጋር ማያያዝ

በዝናቡ ወራትና ከዚያ በኋላ ወባም፣ ዴንጊ የሚባል ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላ ትኩሳትም አለ። የዴንጊ ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነው፤ የሌሊት አጎበር አያስጥልም። ምንነቱ በደም ምርመራ እስኪታወቅ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ይቆዩ፣ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል። ዴንጊ ሊከፋ የሚችለው ደግሞ ትኩሳቱ በረድ ሲል ነው። በዚያን ጊዜ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ካያችሁ በቀጥታ ሆስፒታል።

ቢጫ ወባን በተመለከተ፣ ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ።

ባዶ ቀን አለመተው

ትኬት ከ60 ቀን በፊት ስለሚከፈት፣ ቦታ እንዳያልቅ ተብሎ ሌሊት በሌሊት ላይ ይያዛል። በየሦስተኛው ባቡር ሁለት ባዶ ቀን ጣልቃ አስገቡ። ታትካል የሚባል ከጉዞው አንድ ቀን በፊት የሚሸጥ ትኬት አለ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ቦታው ከጸና በኋላ ብትሰርዙት ገንዘቡ አይመለስም። ቢሆንም ከዴልሂ በደቡብ ጫፍ እስካለችው ትሪቫንድረም ወደ 50 ሰዓት ነው። በትኩሳት ከመሳፈር ትኬቱ ይቃጠል።

ዝም ብሎ መታመም

ይሉኝታ ባቡር ላይ አይሠራም። ትኬት ተቆጣጣሪው ቀጣዩ ትልቅ ጣቢያ ላይ ሐኪም እንዲጠብቃችሁ ማስጠራት ይችላል፤ ወይም ወደ ባቡሩ የእርዳታ መስመር 139 ደውሉ። የጎረቤት ተሳፋሪም ሰው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ሊነጋጋ ሲል ነው። ከእኔ አልጋ ሥር ታች የተኙት አሮጊት ወደ ሽንት ቤት ሲመጡ ቦርሳዬ ላይ አገኙኝ። ግንባሬን ዳሰሱና “ቤታ” አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ቀስቅሰው በእንግሊዝኛ አስተረጎሙኝ። “ስድስት ጊዜ ስትወርድ ሰምቻለሁ። አልጋዬን እንድለቅልህ ለምን አልጠየቅከኝም?”