ክሬም እየተቀባ የማይድን የእጥፋት ሽፍታ

ስለ መታጠብና ስለ ጥጥ የውስጥ ልብስ ሁሉም ያውቃል። እዚህ የሚነሳው ጡት ሥር፣ ብብት፣ ብሽሽት ወይም የሆድ እጥፋት ላይ መድኃኒት እየተቀባ አልድን ስላለው ሽፍታ ነው።

ምልክት፦ ሲቀቡት በ2 ቀን ማሳከኩ ይጠፋል፣ ሲተዉት ይመለሳል፣ በተመለሰ ቁጥር ይሰፋል

በጣም የሚደጋገመው ይህ ነው። የቱቦውን ጽሑፍ ያንብቡ፦ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን (ማሳከክና መቅላት የሚያፍኑ ኃይለኛ ስቴሮይዶች) የሚል ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ስቴሮይድ ከፈንገስ መድኃኒትና ከጄንታሚሲን (የባክቴሪያ መድኃኒት) ጋር ተቀላቅሎ «ለሁሉም ይሆናል» እየተባለ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ለሁሉም የሚሆን የእጥፋት ክሬም የለም! ስቴሮይዱ ማሳከኩን ያፍናል፣ የቆዳውን መከላከያ ያዳክማል፤ ፈንገሱ ከሥር ይስፋፋል። ጭርት ከሆነ የሚታወቅበት ጠርዝ ስለሚጠፋ ሐኪምም ለመለየት ይቸገራል።

እጥፋት ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ ላይና ታቹ ተገጣጥሞ መድኃኒቱን ስለሚያፍነው ክንድ ላይ ከሚሰርገው ብዙ እጥፍ ይሰርጋል። ሳምንታት ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፤ ሸንተረሩ ደግሞ አይጠፋም። እናት የራሷን ቱቦ ለሕፃኑ ብሽሽት ትቀባለች፤ ዳይፐሩ ከላይ ሲሸፍነው ጉዳቱ ይብሳል። ሕፃን ላይ በፍጹም አይቀባ። ሽፍታው ድኖ ጥቁረቱ ሲቀር «አልጠፋም» ብለው ለወራት የሚቀቡም አሉ። ጠይም ቆዳ ላይ ያ ጥቁረት ሽፍታው ትቶት የሄደ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም፤ በጊዜ ይለቃል።

መፍትሄ፦ ቅልቅሉን ያቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳከኩ ይብሳል፤ ብዙ ሰው ወደ አሮጌው ቱቦ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ለወራት ሰፊ ቦታ ላይ ከተቀቡት ግን በሐኪም ክትትል ይቁም።

ከዚያ የፈንገስ ክሬም፣ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ወይም ሚኮናዞል 2 በመቶ፣ ብቻውን፣ ጠዋትና ማታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ቢያንስ 1 ሳምንት ይቀጥሉ። መጀመሪያ ቦታውን በፎጣ ጫን ጫን እያሉ ያድርቁ፤ አይፈትጉ። 10 ደቂቃ አየር ያግኝ። ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ የወጣ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ይበቃዋል። ከሽፍታው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር አልፎ በስሱ ይቀባ። የተረፈ ነጭ ክምር እርጥበት ይይዛል እንጂ አያድንም። ሲሰርግ ንጹህ ስስ የጥጥ ጨርቅ በእጥፋቱ መሃል ይደረግ። ወፍራም ቅባት ሳይሆን ክሬም ይምረጡ። ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳ ደካማ ስቴሮይድ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ከፈንገስ መድኃኒቱ ጋር ይጨመር፣ ከ7 ቀን ግን አይለፍ።

ምልክት፦ ትክክለኛው ክሬም ተቀብቶም ለውጥ የለም

በዙሪያው ትናንሽ ነጠብጣቦች ካሉት ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ኒስታቲን የተባለው የፈንገስ መድኃኒትም ይሠራል። ጠርዙ ከፍ ያለና የሚቀረፍ ከሆነ ጭርት ነው፤ ኒስታቲን ጭርት ላይ ምንም አይሠራም፣ ሌላው የፈንገስ መድኃኒት፣ ተርቢናፊን 1 በመቶ፣ ይሻላል። የእግር ጣቶች መሃልም ይታይ፤ እዚያም ፈንገስ ካለ እግር ሳይታከም ብሽሽት አይድንም። ፈንገሱ ከእግር ወደ ብሽሽት እንዳይተላለፍ ካልሲ ከውስጥ ሱሪ በፊት ይለበስ።

ቡናማ፣ ብዙም የማያሳክክ ጠፍጣፋ ቦታ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ፉሲዲክ አሲድ ወይም ክሊንዳማይሲን በሐኪም ይታዘዛል። አንጸባራቂ፣ ለስላሳ፣ ዳሩ የተለየ ከሆነ ሶርያሲስ (ፈንገስ ያልሆነ የቆዳ በሽታ) ይጠርጠር። መግል የቋጠሩ እባጮች የክሬም ጉዳይ አይደሉም።

ምልክት፦ ሲቀቡት ያቃጥላል፣ ይላጣል

ብዙ ጊዜ ዊትፊልድ ቅባት (ሳሊሲሊክና ቤንዞይክ አሲድ ያለበት የፈንገስ ቅባት) ተቀብቷል ማለት ነው። ለእግር መዳፍ የሚሆን አሲድ ብሽሽት ላይ አይቀባም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አረቄና ዴቶልም እንዲሁ ያቆስላሉ፤ እባካችሁ ተውአቸው። ቦታው ውኃ ካመነጨ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የተነከረ ጨርቅ 15 ደቂቃ ይደረግበት፣ ከደረቀ በኋላ የፈንገሱ ክሬም ይቀባ።

ዋርፋሪን (ደም የሚያቀጥን መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሚኮናዞል ከመቀባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የብልት አካባቢ ክሬም ኮንዶም ሊያበላሽ ይችላል።

ትኩሳት፣ ፈጥኖ የሚሰፋ ግለት ወይም ኃይለኛ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ። በትክክል ታክሞ ደጋግሞ ከተመለሰ የደም ስኳር ይለካ።