ለመኪናችሁ ስፒከርና ሳብውፈር ከመግዛታችሁ በፊት

የእኔ መኪና ቶዮታ ቪትዝ ናት። ድምፅዋን ሶስት ጊዜ አፍርሼ ሰርቻለሁ። የከሰርኩት ገንዘብ ሁሉ የወጣው ገና ዕቃ ስመርጥ ነው። ገጣጣሚዎቹ ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል፤ የተሳሳተ ዕቃ ይዤላቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ገንዘብ ይዛችሁ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ከፊት በሮች ጀምሩ። ብዙ ሰው ከሳብውፈር ይጀምራል፤ እኔ አልስማማም። የዘፋኙ ድምፅ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ የሚመጡት ከፊት ስፒከሮች ነው። ሳብውፈር የሚጨምረው የከበሮውን ምትና የባስ ጊታሩን ወፍራም ድምፅ ነው። የፊቱ ደካማ ሆኖ ከኋላ ትልቅ ሳብውፈር ሲጫን፣ የመኪናው ብረት ይንቀጠቀጣል፤ የዘፈኑ ግጥም ግን አይሰማም።

ቀጥሎ የበሩን ሽፋን ፈታችሁ በሜትር ለኩ። የቪትዝ የፊት በር 6.5 ኢንች ይወስዳል። ስፋቱን ሻጩም ይነግራችኋል። የሚረሳው ጥልቀቱ ነው። መስታወቱን እስከ መጨረሻ አውርዱና ስፒከሩ ከሚያርፍበት ብረት እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት ለኩ። የስፒከሩ ጥልቀት ካርቶኑ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ተጽፏል። ማግኔቱ ከመስታወቱ ጋር ከተገናኘ መስኮቱ መውረድ ያቆማል፣ ሲብስም መስታወቱ ይሰበራል። ትንሽ ብቻ ከጎደለ፣ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) የተቆረጠ ቀለበት ከስር ማስገባት ይቻላል። ቀለበቱ ሲወፍር ግን ስፒከሩ ወደ ውጭ ወጥቶ የበሩን ሽፋን እንዳይገፋው እዩ።

ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) መሃሉ ላይ የተገጠመለት ስፒከር ይሻላል ወይስ ቱዊተሩ ለብቻው የሚመጣው? ስፒከሩ የሚሠራው በቴፑ ጉልበት ብቻ ከሆነ መሃሉ ላይ የተገጠመለት ይበቃችኋል። አምፕሊፋየር (የድምፁን ጉልበት የሚያሳድግ ዕቃ፣ ባጭሩ አምፕ) ካላችሁ ቱዊተሩ የተለየውን ግዙና ቱዊተሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ መስታወቱ ጥግ አስቀምጡት። ድምፁ ከእግራችሁ ስር መምጣቱን ትቶ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል።

አሁን ወደ ዋት እንምጣ። ሰው በብዛት የሚታለለው እዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። «ማክስ» ወይም «ፒክ» የሚል ቃል አጠገቡ ካለ ለቅጽበት ያህል ብቻ የሚታሰብ ቁጥር ነው። የምትፈልጉት በትንሹ የተጻፈውን አርኤምኤስ ነው፤ ዕቃው ሳይቋረጥ የሚሸከመው ወይም የሚሰጠው ጉልበት እሱ ነው። ቴፑ ላይ «50 ዋት በ4»፣ ማለትም ለአራት ስፒከር ለእያንዳንዱ 50 ዋት፣ የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ሞተር ተነስቶ የመኪናው ኤሌክትሪክ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ቮልት 4 ኦም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው) ስፒከር ላይ ተራ ቴፕ በተግባር የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ስፒከር 20 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለቴፕ ብቻ የሚሆን ስፒከር ስትመርጡ ከዋቱ ይልቅ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮኽ፣ አወዳድሩ። 87 ዲሲቤል ያለውና 90 ዲሲቤል ያለው ቢቀርቡላችሁ፣ ባለ 90ው በግማሽ ዋት ያንኑ ያህል ይጮኻል። በ20 ዋት ለሚነዳ ስፒከር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አምፕሊፋየር ስትገዙ ደግሞ ፊውዙን እዩ። ይህቺ ዘዴ ብዙ ገንዘብ አድናልኛለች። አምፑ ላይ የተሰኩትን ፊውዞች አምፔር ደምሩና በ13 አባዙት። ያገኛችሁት አምፑ ከባትሪ የሚስበው ነው፤ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይሄዳል። ክላስ ዲ የሚባለው ከሆነ 80 በመቶ ገደማውን፣ ክላስ ኤቢ ከሆነ ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ወደ ስፒከር ይልካል። እንበልና 30 አምፔር ፊውዝ ያለው ክላስ ዲ አምፕ ነው። 30 በ13 ሲባዛ 390 ይሆናል፤ 80 በመቶው 310 ዋት ገደማ ነው። ካርቶኑ 2000 ቢልም እናንተ የምትከፍሉት ለ300 ዋት መሆኑን እወቁ። ግምት ነው፤ ግን ከካርቶኑ ይበልጥ ታምኑታላችሁ።

ዋቱ ከታወቀ በኋላ ኦሙ ይመጣል። አምፕ ያቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

ባለ 12 ኢንች ሳብውፈር ገዛሁ። ሁለት ኮይል (ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) ነበረው፣ እያንዳንዳቸው 4 ኦም። አምፑ ባለ ሁለት ቻናል (ሁለት የድምፅ መውጫ ያለው) ነበር፤ መመሪያው «እስከ 2 ኦም ይሠራል» ይላል። ሁለቱን ኮይሎች ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ አገናኝተን 2 ኦም ሆነ። ሁለቱን ቻናል ብሪጅ አድርገን፣ ማለትም እንደ አንድ አጣምረን፣ ሰጠነው። ልክ መሰለኝ። ያላነበብኩት ቀጣዩን መስመር ነው፦ 2 ኦሙ ለእያንዳንዱ ቻናል ነው፤ ብሪጅ ሲደረግ ግን ከ4 ኦም በታች አይፈቀድም። ብሪጅ ላይ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የሳብውፈሩን ግማሽ ኦም ነው። 2 ኦም ስሰጠው እያንዳንዱ ቻናል 1 ኦም ላይ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሶስት ሳምንት ቆየ። በጣም ይግል ነበር፤ አንዳንዴም ለራሱ ይጠፋና ሲቀዘቅዝ ይነሳል። እኔ የገጠማ ችግር መስሎኝ ችላ አልኩት። አንድ ቀን ከአያት ወደ መገናኛ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ አምፑ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። አምፓችሁ እየጋለ ለራሱ የሚጠፋ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙት።

ለባለ ሁለት ቻናል አምፕ ትክክለኛው ምርጫ ሁለት ባለ 2 ኦም ኮይል ያለው ሳብውፈር ነበር። ኮይሎቹን ተከታታይ ስታደርጉ 4 ኦም ይሆናል። ይኸውም የአምፑ ፕላስ ወደ አንደኛው ኮይል ፕላስ ይገባል፤ የዚያ ኮይል ማይነስ ወደ ሁለተኛው ፕላስ ይሄዳል፤ የሁለተኛው ማይነስ ወደ አምፑ ይመለሳል። ባለ 4 ኦም ሁለት ኮይል የሚስማማው ደግሞ 2 ኦም ለሚችል ባለ አንድ ቻናል አምፕ ነው። አምፑን ከማገናኘታችሁ በፊት የሳብውፈሩን ኦም በቴስተር ለኩት። 4 ኦም የሚባለው በቴስተር ሲለካ ከ3 እስከ 3.8 አካባቢ ያሳያል፤ አትደንግጡ። 4 ኦም መሆን ሲገባው 2 ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ግን የተገናኘው ገመድ ትክክል አይደለም።

ሳጥኑ የሳብውፈሩን ግማሽ ያህል ዋጋ አለው ብላችሁ አስቡ። ለትንሽ መኪና ባለ 10 ኢንች በዝግ ሳጥን እመክራለሁ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይበልጥ ይጮኻል፣ ግን በመጠን ትልቅ ነው፤ የቀዳዳው ርዝመትና ስፋት በስሌት ካልተሠራ ባሱ ይዝረከረካል፣ ስፒከሩም ይጎዳል። ዝግ ሳጥን ስህተት ይችላል። መመሪያው ስንት ሊትር እንደሚፈልግ ይነግራችኋል። ውስጡ 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 24 ሊትር ነው፤ ሳብውፈሩ ራሱ ሁለት ሊትር ያህል ይይዛል። ለአናጺው የምትሰጡት የውስጡን ልክ መሆኑን ንገሩት፤ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ከሆነ ከውጭ በየልኩ 3.6 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ቺፑድ አልወድም፤ ብሎኑን ይለቃል፣ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል። መገጣጠሚያው ሁሉ በሙጫና በሲሊኮን ይዘጋ። የዕቃ ማስቀመጫው እንዲተርፋችሁ ከፈለጋችሁ፣ አምፑ ውስጡ ያለና ወንበር ስር የሚገባ ቀጭን ሳብውፈር አለ። መኪናውን አያንቀጠቅጥም፤ ለባስ ጊታር ግን ይበቃል።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ። ንጹህ መዳብ ግዙ፤ መዳብ የተቀባው አሉሚኒየም በዚያው ውፍረት ያንን ያህል አምፔር አይሸከምም። ቢላ ጫፉን ፋቅ ሲያደርገው ውስጡ ብር መሳይ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ ይኑር። ይህ ከሌለ ገመዱ ብረት ላይ ተፍቆ ሾርት ቢያደርግ መኪናው ይቃጠላል፤ ገጣጣሚው «በኋላ እናደርገዋለን» ቢል አትቀበሉ። የባትሪው ገመድ በአንድ ጎን፣ የድምፁ ገመድ በሌላው ጎን ይሂድ። አንድ ላይ ሲሄዱ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር የሚያፏጭ ድምፅ ትሰማላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ የራሳችሁን ፍላሽ ያዙ። ሱቁ የሚከፍተው ዘፈን ባሱ ለሱቁ የተመረጠ ነው። እኔ ሁለት ነገር ይዤ እሄዳለሁ፦ በገናና ጥሩ የከበሮ ቀረጻ። የበገናው አውታር የሚያወጣው ነዘር ያለ ወፍራም ድምፅ በደንብ ሊለይ ይገባል፤ ታፍኖ ከመጣ ያ ስፒከር ቃልም ያፍናል። ከበሮው ደግሞ ተመትቶ ማቆም አለበት። ከምቱ በኋላ «ዉ...» እያለ የሚጎተት ከሆነ ሳብውፈሩ ወይም ሳጥኑ ልክ አይደለም።

ከተገጠመ በኋላ የፊት ስፒከሮችን ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡባቸው፤ ያንን ለሳብውፈሩ ተዉት። በሮቹ ወዲያው ይቀላቸዋል። ባሱ ቀጭን ከመሰላችሁ የአንዱ ስፒከር ገመድ ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ እንደሆነ እዩ። ገመዱን ከአምፑ ነቅላችሁ ባለ 1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ለቅጽበት ንኩት፤ የባትሪው ፕላስ በፕላሱ ሲነካ ስፒከሩ ወደ ውጭ መግፋት አለበት። የአምፑን ጌይን (ከቴፑ የሚመጣውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ማዞሪያ) በመጨረሻ፣ ቴፑን ሶስት አራተኛ ከፍታችሁ ድምፁ ሳይቆራረጥ እስከሚቆይበት ድረስ ብቻ አዙሩት። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ ረጅም መንገድ ከነዳችሁ ወዲያ ገመዱንና የፊውዙን ቤት በእጃችሁ ዳስሱ፤ ትኩስ ከሆነ የሆነ ቦታ ብሎን ላልቷል።