የሰፈራችሁን ድልድይና የድጋፍ ግንብ ከክረምት በፊት እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ድልድይ ሲታይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው አስፋልቱና የዳር መከላከያው ላይ ነው። እኔ ግን ለጀማሪ መሐንዲሶችም ሆነ ሰፈራቸው ለሚያሳስባቸው ነዋሪዎች ሁሌ የምናገረው አንድ ነው፦ ከሁሉ በፊት ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ፈልጉ። በመሐል አዲስ አበባ ካየኋቸው የተጎዱ ድልድዮችና የድጋፍ ግንቦች (አፈር እንዳይናድ የሚይዙ ግንቦች) አብዛኞቹን የጎዳቸው የመኪና ክብደት ሳይሆን መውጫ ያጣ ውሃ ነው።

ጥሩው ጊዜ ግንቦት ነው። ወንዙ ጎድሎ መሠረቱ ይታያል፤ የተገኘውን ጉድለት ለማስጠገንም ጥቂት ጊዜ ይተርፋል። መዶሻ፣ ሜትር፣ ቱንቢ (ግንብ ቀጥ ማለቱ የሚለካበት፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረ ገመድ)፣ የእጅ ባትሪ፣ ጠመኔ፣ አንድ ረጅም ፌሮና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ይበቃል። ብቻችሁን አትውረዱ። የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች የሚወርዱት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከእንጦጦ በኩል ነው፤ አራት ኪሎ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንጦጦ ጠቁሮ ካያችሁት ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከመንገዱ ጀምሩ። የውሃ መውረጃው በፕላስቲክና በአፈር ተደፍኗል? ውሃ አስፋልቱ ላይ የሚያቁርበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከሥር ስትገቡ ነጭ ቅርፊት የምታገኙት ብዙ ጊዜ ከዚያው አካባቢ ነው፤ ውሃው ኮንክሪቱን ሰርስሮ ሲያልፍ አጥቦ ያወጣው ኖራ ነው።

ቀጥሎ ወንዙ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ወንዝ ሲሞላ ምሰሶው ዙሪያ እየተሽከረከረ ከሥሩ ያለውን አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ሲጎድል ደግሞ ጉድጓዱን በልል ደለል መልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ደህና መሬት መስሎ የሚታየው አያሳምናችሁ። በፌሮው ውጉት፤ ምሰሶው አጠገብ ከሌላው ቦታ ይልቅ በቀላሉ ከሰመጠ፣ አምና በክረምት ተቦርቡሮ እንደነበር ጠርጥሩ። የመሠረቱ ሥር ተገልጦ ካገኛችሁት ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን አሳውቁ። ድልድይ ከላይ አንዳች ስንጥቅ ሳያሳይ በዚህ ብቻ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 በኒውዮርክ ግዛት የሾሃሪ ክሪክ ድልድይ ጎርፍ መሠረቱን ቦርቡሮት ሲወድቅ 10 ሰዎች ሞተዋል። ዳርና ዳሩ ላይ የተደፋ የፈረሰ ቤት አፈርም መዝግቡ፤ የወንዙን መተላለፊያ ባጠበበ ቁጥር ውሃው ይፈጥናል፣ ቁፋሮውም ይብሳል።

ኮንክሪት ላይ ያለ ስንጥቅ ሁሉ እኩል አያሰጋም። የተራ ፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት ተደርቦ የሚገባበት ስንጥቅ 0.3 ደርሷል፣ በተለምዶ ለተራ ሁኔታ የሚፈቀደው የመጨረሻ ስፋት ማለት ነው። ከስፋቱ ይልቅ ግን አቅጣጫው ይናገራል። ወለሉን በተሸከመው አግዳሚ መሐል ከሥር ቀጥ ብሎ የወጣ ቀጭን ስንጥቅ የተለመደ ነው። አግዳሚው ምሰሶው ላይ ከሚያርፍበት አጠገብ ሰያፍ የሄደውን ግን መሐንዲስ ይየው። ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረውን ፌሮ መስመር ተከትሎ የሄደው ስንጥቅ ከዝገት የመጣ ነው፤ ዝገት ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። በመዶሻ አንኳኩት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተላቀቀው ባዶ ይላል። ከራሳችሁ በላይ ያለውን ግን አትንኩ። በተፈረፈረው ላይ ልስን መለሰን ጥገና አይደለም፤ ጉዳቱን ከሚያይ ዓይን ይሰውረዋል እንጂ ዝገቱን አያቆመውም። ይህን ባየሁ ቁጥር ከልቤ አዝናለሁ።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ቀጭን ጀሶ አሻግራችሁ ለጥፉበት፣ ቀኑንም ጻፉበት። መስከረም ላይ ጀሶው ተሰንጥቆ ከተገኘ ስንጥቁ አልቆመም።

ለድጋፍ ግንብ ሁለት ነገር ይበቃል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው? ቱንቢ ሲወርድበት ግንቡ ወደ ውጭ አብጧል? ከዝናብ በኋላ ቀዳዳው ደረቅ ሆኖ በስንጥቁ በኩል የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ውሃው ከጀርባው ተጠራቅሞ እየገፋው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ማግስት ያው ፍተሻ ይደገም፣ በተለይ የድልድዩ ወለል ምሰሶው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ።

አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ይህ ድልድይ ቢዘጋ ሰፈሩ በየት ይሻገራል? ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ቆማችሁ አስቡት። አምቡላንስ የትኛውን መንገድ ይይዛል? ከድልድዩ ጎን የታሰረ የውሃ ቱቦ ወይም የስልክ ገመድስ አለ? ካለ መንገዱ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል። ሌላ መሻገሪያ የሌለው ድልድይ ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም ወረፋ ይቅደም።

ያገኛችሁትን ሁሉ ከጎኑ ሜትር አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሩቅ ቆማችሁ አንድ፣ ቀርባችሁ አንድ። ቀንና ቦታ ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለወረዳው፣ አንዱን ለአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን አስገቡ፤ ሦስተኛውን እናንተ ያዙት፣ በመስከረም ከዚያው ቦታ ስታነሱ የምታመሳክሩት በእሱ ነው።